ኮፈን ስር የተንጠለጠለ ባለ ሁለት ፒን ሶኬት፣ የምንድን ነው? (ሃይሉክስ 5ኤል፣ አዳማ)

የፍራንኮው | ማክሰኞ ማታ

ሰላም ቤቶች። ሃይሉክስ ደብል ጋቢና አለኝ። የ1999 ሞዴል ነው፣ ናፍጣ፣ 5ኤል ሞተር። ከገዛሁት ብዙ አልቆየም፤ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ስንት እጅ እንደዞረ ሊብሬው ብቻ ነው የሚያውቀው። ዛሬ ዘይት ልለካ ኮፈኑን ስከፍት ከሽቦው ጥቅል ወጥቶ ወደ ታች የተንጠለጠለ አንድ ሶኬት አየሁ። ግራጫ ነው፣ ባለ ሁለት ፒን፣ ጎኑ ላይ የሚጫን ምላስ አለው። ስብራት የለውም። አንዱ ገመድ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው። ሌላው በቅባትና በአዳማ አቧራ ተለስኖ ቀለሙ አልለይ አለኝ።

የሚገባበትን ፈለግሁ ፈለግሁ፣ የለም። እጄ የሚደርስበትን ሁሉ ዳሰስኩ፣ ሶኬት የሚጠብቅ ባዶ ነገር አላገኘሁም።

መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ዲናሞው ቻርጅ ያደርጋል፣ ፍሬቻ ክላክስ ሁሉም ይሠራል፣ ሙቀቱም ከመሃል አያልፍም። አንድ ነገር ብቻ አለ። ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው ረዘም አድርጎ ካላዞረው አይነሳም። አንዴ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ነካ ሲደረግ ነው። ቅዳሜ ቤተሰብ ጭኜ አሰላ ሠርግ መሄድ አለብኝ፣ እዚያው ነው የማድረው። የአሰላን የንጋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ፎቶ አያይዣለሁ፣ የምታውቁ ንገሩኝ።

ቆራጩ

መኪናው ከሄደ ምን አስጨነቀህ? ቁረጠውና በናስትሮ ጠቅልለው። የኔም ላይ እንደዚህ የተንጠለጠለ አለ፣ ምንህ ነው ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ባለ ቴስተሯ

@ቆራጩ አንተ የቆረጥከውን ነው እኮ እኛ ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስንፈልግ የምንውለው 😄 ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

@የፍራንኮው ወንድሜ እንዳትቆርጥ። ፎቶው ጥሩ ነው ግን በጣም ቀርቦ ነው የተነሳው፣ ሶኬቱን እንጂ ሰፈሩን አያሳይም። ትንሽ ራቅ ብለህ አንድ ሌላ አንሳ። አጠገቡ ምን አለ? ከላዩስ?

የአሰላው

ጠዋት የሚያስቸግር ናፍጣ ከሆነ ነገሩ ካንዴላ ነው፣ ሌላ አትፈልግ። 5ኤል ላይ ናፍጣው መጀመሪያ የሚቀጣጠለው ፒስተኑ ላይ ሳይሆን የሞተሩ ሄድ (የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ያቺን ክፍል የሚያሞቃት ደግሞ ካንዴላው ነው። አዳማ ስለሚሞቅ ሞተሩ ያለ ካንዴላም እያጉረመረመ ይነሳልሃል። እኛ ጋ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን ወንድሜ፣ እዚህ ሲነጋ ማንም አይሸወድም። የካንዴላው ሰዓት ቆጣሪ የውሃውን ሙቀት የሚያነብበት ሴንሰር አለው፣ ሶኬቱ የሱ ነው ባይ ነኝ።

ኤሲ ይብረድ

እኔ ደግሞ የኤሲ ነው እላለሁ። ኤሲ ሳይኖረው የተሸጠ ፒካፕ ላይ ሽቦው ግን አብሮ ይመጣል፣ ፋብሪካው ለሁሉም አንድ ጥቅል ነው የሚዘረጋው። ሶኬቱ ከተሠራ ጀምሮ ተሰክቶም ላያውቅ ይችላል። የዱባይ ነው ወይስ ከሌላ አገር የመጣ? ኤሲ አለው?

የፍራንኮው

ኤሲ አለው፣ ይሠራልም፣ ያውም አጥንት ድረስ ያበርዳል። ስለዚህ እሱ አይመስለኝም። ሌላ ፎቶ ጨምሬያለሁ። ሶኬቱ ያለው ጎን ላሜራው ላይ ከታሰረው የናፍጣ ፊልትሮ በታች ነው። ወደ ሞተሩ ልጎትተው ስሞክር አይደርስም፣ ገመዱ አጭር ነው።

ወንጂ መንገድ

የኔ የድሮ ሃይሉክስ ቤንዚን ነው፣ 22አር-ኢ። እሱ ላይ ምንም የማይሰካበት ሶኬት አለ። መመርመሪያ ነው። ክዳኑን ከፍተህ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ታገናኛቸዋለህ፣ ቁልፉን ስታዞር የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ብልጭ እያለች ኮዱን ትቆጥርልሃለች። ያንተም እንደሱ ይሆናል። ሁለቱን ፒን አገናኝና ምን እንደሚፈጠር እይ።

ባለ ቴስተሯ

አይይይ! ማንም ሰው የማያውቀውን ሶኬት ሁለት ፒን በሽቦ እንዳያገናኝ። አንዱ ከባትሪ በቀጥታ የመጣ ፖዘቲቭ ከሆነና ሌላው ማሳ (ኔጌቲቭ) ከሆነ፣ እድለኛ ከሆንክ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ካልሆንክ ሽቦው ራሱ ይጨሳል። ወንጂ መንገድ ያልከው ለ22አር-ኢ ልክ ነው፣ እሱ ላይ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ይታወቃል። የ5ኤል የናፍጣ ፖምፓ ግን ሜካኒካል ነው፣ ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር የለውም። ኮምፒውተር ያለው 5ኤል-ኢ የሚባለው ነው።

@የአሰላው የኔ ወንድም ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ግን የሙቀት ሴንሰሩ ሞተሩ ላይ ነው የሚታሰረው፣ ውሃው በሚያልፍበት። እሱ ገመዱ ሞተር ጋ አይደርስም እያለ ነው። ሌላም አለ። እነዚህ ሴንሰሮች ሲቀዘቅዙ ነው ሬዚስታንሳቸው የሚጨምረው። ሶኬቱ ሲነቀል መስመሩ ክፍት ይሆናል፣ ቆጣሪው ደግሞ ክፍት መስመርን በጣም ብርድ ነው ብሎ ነው የሚያነበው። ያኔ ካንዴላውን እንዲያውም ረዘም አድርጎ ያሞቀዋል እንጂ አይከለክለውም።

አሁን በሥርዓት እንሂድ። የጠፋ ሶኬት ስፈልግ እኔ መጀመሪያ የማየው ገመዱን ነው። ፋብሪካ ትርፍ ገመድ አይሰጥም። ጥቅሉ ላይ ከተነጠለበት ቦታ ይዘህ ሳትጎትት ብትዘረጋው ጫፉ የሚደርስበት አካባቢ ነው ሰፈሩ። ቀጥሎ ፒኖቹን በእጅ ባትሪ እያቸው። ውስጣቸው የሚያብረቀርቅ ከሆነ በቅርብ ነው የተነቀለው፣ አቧራው ደርቆ ጭቃ የሠራ ከሆነ ግን ከርሟል።

ከዚያ የማይሆነውን አውጣ። ነዳጅ የሚዘጋው ሶሌኖይድ ቢሆን ሞተሩ ጭራሽ አይነሳም ነበር፣ እሱ ደግሞ ባለ አንድ ገመድ ነው። ዲናሞ ቢሆን ቻርጅ አያደርግም። ኤሲም ወጥቷል። ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ገመድ ቶዮታ ላይ ማሳ ነው፣ ኔጌቲቭ። ስለዚህ አንደኛው ፒን ሥራው ታውቋል፣ የቀረን ሌላኛው ነው።

የ12 ቮልት ቴስተር ፈልግ፣ ያችን ካቻቢቴ የምትመስለውን ባለ አምፖሏን። መቆንጠጫውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያዝና ቀለሙ የጠፋውን ፒን ንካ፣ መጀመሪያ ቁልፍ ጠፍቶ፣ ከዚያ ቁልፍ ኮንታክት ላይ ሆኖ። ሞተር አታስነሳ። ያየኸውን ጻፍልን።

ጋሽ ናፍጣ

ልጄ የፍራንኮው፣ እኔ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው ያረጀሁት። ባለ ቴስተሯ ያለችህን አድርግ፣ ልጅቷ ታውቃለች። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፊልትሮው በታቹ ምን አለው? እጅህን አስገብተህ ዳስሰው። መፍቻ ከመያዝህ በፊት ማለቴ ነው፣ በእጅህ ብቻ።

ሌላው፣ ይሄን የምታነቡ የኢሱዙ ኤን ፒ አር ሾፌሮች፣ የናንተ 24 ቮልት ነው። በ12 ቮልት ቴስተር ገብታችሁ አምፖሉን ካቃጠላችሁ በኋላ «መስመሩ ሞቷል» ብላችሁ ሰው እንዳታሯሩጡ። አይቻለሁ።

የፍራንኮው | ረቡዕ

እሺ ጋሽዬ። ከጎረቤት ቴስተር ተውሼ ሞክሬዋለሁ፣ ግን የባሰ ግራ ገባኝ።

ቁልፍ ጠፍቶ ምንም የለም። ቁልፍ ኮንታክት ላይ አድርጌ ፒኑን ስነካ ቴስተሩ አይበራም። ሞቷል ብዬ ልተወው ስል ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ «አንድ ነገር በራ!» ብሎ ጮኸ። ጫፉን ሳነሳ «ጠፋ»፣ ስነካ «በራ»። ደጋግመን አየነው። የቴስተሩ አምፖል ጨለማ ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ግን ቢጫ መብራት ይበራል። ምልክቷ ፈነል የመሰለ ነገር ከሥሩ ጠብታ ያለው ነው። ይቺን መብራት መኪናውን ከገዛሁ ጀምሮ አይቻት አላውቅም።

ቴስተሩ ይሆናል ብዬ ባትሪው ላይ ሞከርኩት፣ ቦግ ብሎ ይበራል።

ባለ ቴስተሯ

አገኘኸው እኮ! ግራ የሚያጋባ አይደለም፣ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ቴስተሩ ያልበራው ኃይሉ በዳሽቦርዷ አምፖል በኩል አልፎ ስለሚመጣ ነው። ሁለት አምፖል ተከታትለው ሲገናኙ ቮልቱን የምትወስደው ትንሿ ናት፣ ምክንያቱም ሬዚስታንሷ ይበልጣል። የቴስተርህ አምፖል ከሷ ስለሚተልቅ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ ያቺ አትበቃውም። ስለዚህ ያ ገመድ ከአምፖሏ የወጣ ነው፣ ማሳ ባገኘ ቁጥር ትበራለች። ሶኬቱ የሚሰካው ያንን መስመር ከማሳ ጋር የሚያገናኝ ስዊች ላይ ነው ማለት ነው። መልቲሜትር ብትይዝ ኖሮ 12 ቮልት ገደማ ያሳይህ ነበር፣ መብራቷም አትበራም ነበር፣ አንተም ፖዘቲቭ ነው ብለህ ትደመድም ነበር። አንዳንዴ ርካሿ ቴስተር ትሻላለች።

ምልክቷ የናፍጣ ፊልትሮ ናት። ፊልትሮው ታች ውሃ ሲጠራቀም የምታስጠነቅቅ። ጋሽ ናፍጣ ገና ድሮ ገብቷቸው ነበር፣ ዝም ብለው ነው 😀

ጋሽ ናፍጣ

ዝም አላልኩም፣ ዳስሰው ብዬዋለሁ።

ሶማሌ ተራ

ልክ ናችሁ። የዚህ ፊልትሮ ሴንሰር ከታች በኩል ነው የሚጠመዘዘው። ውስጡ ተንሳፋፊ አለ፣ ማግኔት የያዘ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል፣ ሲበዛ ተንሳፋፊውን ያነሳዋል፣ ያኔ ስዊቹ ይዘጋና መብራቷ ትበራለች። እዚያው ሴንሰሩ ላይ ውሃውን የምታፈስበት ማፍሰሻም አለ።

ሶኬቱ የሚገባበት የጠፋበት ምክንያትም ይሄው ነው። ፊልትሮ ሲቀየር ሴንሰሩን ከአሮጌው ፈትተህ አዲሱ ላይ ማሰር አለብህ። ይሄን የሚያደርግ አለ፣ የማያደርግም አለ። ሴንሰሩ ጠንክሮ እንቢ ሲል በፒንሳ ያንቁት እና ይሰበራል፣ ወይ ደግሞ ከአሮጌው ፊልትሮ ጋር አብሮ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ ከገበያ የሚመጣ ፊልትሮ የራሱ ፕላስቲክ መዝጊያ ስላለው እሱን ጥርቅም አድርገው ይሸኙሃል። መኪናው ይሄዳል፣ ማን ይጠይቃል።

የፍራንኮው

ጋሽ ናፍጣ ዳስሼው መጣሁ። ሶማሌ ተራ ያልከው ነው፣ ጥቁር ፕላስቲክ መዝጊያ ነው ያለው፣ ሽቦ የሚገባበት ምንም የለውም። ዙሪያውን ነጭ ቴፍሎን ጠቅልለውበታል፣ ጫፉ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ናፍጣ አይንጠባጠብም ግን መዝጊያው ዙሪያ አቧራው እርጥብ ሆኖ ተለጥፏል።

አሁን ጥያቄዬ፣ ይሄ መብራት ባይኖር ምን እሆናለሁ? ሠርጉ ቅዳሜ ነው፣ ሴንሰር ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ ወይስ ሳምንት ይደርሳል?

ጋሽ ናፍጣ

ናፍጣ ከየት ነው የምትቀዳው?

የፍራንኮው

ከማደያ ነው፣ ግን ሰልፉ ሲረዝም በጀሪካንም ገዝቼ አውቃለሁ። መቂ ሽንኩርት ልጭን ስሄድ መንገድ ላይ።

ጋሽ ናፍጣ

እንግዲያውስ ይቺ መብራት ከማንም በላይ ለአንተ ነው የምታስፈልገው። የጀሪካን ናፍጣ ውሃ ይኑረው አይኑረው አታውቅም። ሆን ብሎ የሚጨምር አለ፣ ሳያውቅ ዝናብ ያስገባበትም አለ፣ በርሜሉ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ላብ ያወጣል እሱም ውሃ ነው። የዚህ ሞተር ፖምፓ ዘይት የለውም ልጄ። የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ ሲገባ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ቆሞ ሲያድር ደግሞ ይዝጋል። ፖምፓ ማሠራት ምን ያህል ኪስ እንደሚቀድ የቀመሰ ያውቀዋል፣ ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎችም ይከተላሉ።

ለቅዳሜው ግን አትሸበር። ያ ፕላስቲክ መዝጊያ ከታቹ ማፍሰሻ ካለው ላላ አድርገህ ሃይላንድ ጠርሙስ ደግነህ ከፊልትሮው አናት ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫንክ አፍስስ። ጠርሙሱን አስቀምጥና ትንሽ ጠብቅ። ውሃ ካለ ታች ለብቻው ይቀመጣል፣ በዓይንህ ታየዋለህ። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስስና ዝጋ። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ካለህ ራቅ ይበል።

ባለ ቴስተሯ

እርጥቡ አቧራ ግን አልወደድኩትም። ጠዋት እንቢ የሚለውም ነገር ከዚህ ጋር ሳይገናኝ አይቀርም፣ እንዲህ ነው ነገሩ። ይሄ ፊልትሮ ያለው ፖምፓው በሚስብበት በኩል ነው። ሞተሩ ሲሠራ መስመሩ ውስጥ ግፊት የለም፣ መሳብ ነው ያለው። ስለዚህ መዝጊያው ቢላላ ናፍጣ ወደ ውጭ ከመፍሰስ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው ደግሞ ካልተንጠባጠበ ደህና ነው ብሎ ያምናል። ማታ መኪናው ሲቆም አየር ቀስ እያለ ይገባና መስመሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ወደ ታንኩ ይመለሳል፣ ጠዋት ሞተሪኖው የሚለፋው ያንን ባዶ ቦታ እስኪሞላ ነው። ከተነሳ በኋላ ቀኑን ሙሉ ደህና የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ነገ ጠዋት ቁልፍ ከመንካትህ በፊት ኮፈን ክፈትና የእጅ ፓምፑን ተጫን። መጀመሪያ ልፍስፍስ ብሎ ቀጥሎ እየጠነከረ ከመጣ አየር ነበረው ማለት ነው። እስኪጠነክር ተጫንና ካንዴላውን እንደ ወትሮው አሙቀህ አስነሳ። ወዲያው ከተነሳ ጥፋቱ አየር ነው። ፓምፑ ከመጀመሪያው ጠንካራ ሆኖ ሞተሩ ግን እንደ ልማዱ ካስቸገረ፣ ያኔ የአሰላው ልክ ነው፣ ካንዴላውን እናያለን።

የአሰላው

ካንዴላው ነው። ጠብቁ።

ቆራጩ

እኔ ግን አንድ መብራት ለማብራት ይሄ ሁሉ...

ሶማሌ ተራ

@ቆራጩ መብራቷን ለማብራት ሳይሆን እንዳትበራ ነው 😂

@የፍራንኮው ሴንሰሩ አዲስም አሮጌም ይገኛል። አዳማ ውስጥም የቶዮታ ዕቃ የሚሸጡ ጋ መጀመሪያ ጠይቅ፣ እኛ ጋ ከመምጣትህ በፊት። አሮጌ ከሆነ ሳትለካ አትግዛ። መልቲሜትር ይዘህ ሂድ ወይ ሻጩን አምጣ በለው፣ ድምፅ የሚያሰማው ላይ አድርግና ሁለቱን ፒን ያዝ። ሶኬቱ ወደ ታች እንደሚሆንበት፣ መኪናው ላይ እንደሚቆመው ስትይዘው ዝም ማለት አለበት። ስትገለብጠው ተንሳፋፊው ይወርድና ይጮኻል። በሁለቱም ከጮኸ ወይ በሁለቱም ዝም ካለ ተወው፣ ምንም ቢረክስ። ሶኬትህንም ፎቶ አንስተህ ያዝ፣ ቅርጹ የሚለያይ አለ።

ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር። ሴንሰሩ ሲታሰር አዲስ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት)፣ በንጹሕ ናፍጣ አርሰህ፣ በእጅ ብቻ አጥብቅ። ፒንሳ አይነካውም፣ ፕላስቲክ ነው። ቴፍሎንም አይፈልግም፣ የሚዘጋው ኦሪንጉ እንጂ ጥርሱ አይደለም። የቴፍሎኑ ብጣሽ ወደ ውስጥ ቢገባስ ደግሞ?

የፍራንኮው | ሐሙስ

ጠዋት ሞከርኩት። ፓምፑ ልፍስፍስ ነበር፣ ልክ አየር እንደምትጨምቁት። ስጫነው ስጫነው ጠነከረ። ከዚያ ቁልፍ ሳዞር ወዲያው ተነሳ፣ እንደዚህ ተነስቶልኝ አያውቅም። ባለ ቴስተሯ እጅሽ ይባረክ።

ጠርሙስ ላይ ያፈሰስኩትን ፎቶ እዩት። ታች ያለችው ያቺ ጥርት ያለችው ውሃ ናት። ብዙ አይደለችም ግን አለች። መካከል ላይ ቡናማ ነገር አለ፣ ዝገት ይሁን ጭቃ አላወቅሁም።

ሴንሰር እዚሁ አዳማ አገኘሁ፣ አሮጌ ነው። ሻጩ ፊት ገልብጬ ለካሁት። የመጀመሪያው በሁለቱም በኩል ጮኸ፣ ሰውየው ሳቀና ሌላ አመጣ። እሱ ልክ ነው። ዛሬ ማታ ከአዲስ ፊልትሮ ጋር አስራለሁ።

ባለ ቴስተሯ

ጎበዝ። ስታስር ሶኬቱን መጀመሪያ አጽዳው፣ ፒኖቹን በኮንታክት ስፕሬይ፣ ከሌለ በደረቅ ብሩሽ። ቀለሙ የጠፋውን ገመድም ጥረግና ልጡ መላላጡን እይ። ሻንሲውን ከነካ ውሃ ሳይኖርም መብራቷ ትበራብሃለች። ፊልትሮው ሲቀየር አየር ስለሚገባ የእጅ ፓምፑን እስኪጠነክር ተጫን፣ ሞተሪኖውን በባዶ አታልፋው።

የፍራንኮው | ሰኞ

ከአሰላ ተመለስን። ሠርጉ ደስ ይል ነበር፣ ጠጁ ይቅርብኝ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ሾፌር ነኛ።

ሴንሰሩ ታስሯል፣ ሶኬቱ ቀጭ ብሎ ገባ፣ ገመዱ ልክ ነው፣ አልበዛም አላነሰም። አዳማ ላይ ጠዋት አሁን በአንዴ ይነሳል። አሰላ ላይ እሑድ ንጋት ግን ተነሳና ለትንሽ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፣ ነጭ ጭስም አወጣ፣ ከዚያ ተስተካከለ። ዴራ ስንደርስ ምንም አልነበረውም። ይሄስ ምንድን ነው?

የአሰላው

ካንዴላ!!! ብዬ አልነበረም? ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። አንዱ ሲሊንደር አልሞቀም።

ባለ ቴስተሯ

ይሄኛው ያንተ ነው የአሰላው፣ እሰጥሃለሁ 😄

@የፍራንኮው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቁልፉ ጠፍቶ እያለ አራቱን ካንዴላ የሚያገናኘውን ቀጭን ብረት ፍታና አውጣው። የቴስተሩን መቆንጠጫ አሁን ፖዘቲቭ ላይ ያዝና የእያንዳንዱን ካንዴላ አናት ንካ። ጤነኛው ያበራዋል፣ የሞተው አያበራም። ስትቀይር ቮልቱን አይተህ ግዛ። ቶዮታ በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራም፣ በ12 የሚሠራም ካንዴላ አለው፣ መልካቸው ይመሳሰላል። ዝቅተኛውን ዳሽቦርድ ላይ በተን ገጥመው 12 በቀጥታ የሚለቁበት አሉ። ያኔ ጫፉ ያብጣል፣ ይሰበራል፣ ስብርባሪው ሞተር ውስጥ ይቀራል። በተን ከተገጠመበት ንገረኝ።

የፍራንኮው

በተን የለውም፣ በቁልፍ ነው። ነካሁት፣ አንዱ አላበራም። ከፊት ሁለተኛው ነው። የቆየውን ይዤ ሄጄ ቁጥሩን አመሳክሬ እገዛለሁ።

መቂ ሽንኩርት

ክሩን ሳነብ ቆይቼ ነው፣ የኔም 5ኤል ነው፣ ሴንሰሩ አለ ግን ኦሪንጉ ተሰነጣጥቋል። ልኩ ከፍሬን ዕቃ መሸጫ የሚገኝ አለ፣ እሱን ብጠቀም ችግር አለው?

ሶማሌ ተራ

አለው። የፍሬን ጎማ የሚሠራው ለፍሬን ዘይት ነው፣ ናፍጣ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በኋላም አይዘጋም። ተራ ጎማም እንደዚያው ነው። ለናፍጣ የሚሆነው ናይትራይል ነው፣ ወይ ቫይተን። የኖዝልና የፖምፓ ዕቃ የሚሸጥበት ሂድና ለናፍጣ ኦሪንግ በለው፣ አሮጌውን ይዘህ ውፍረቱንም አመሳክር። አዲስ ፊልትሮ ከገዛህ ደግሞ ካርቶኑን ሳትጥል ውስጡን እይ፣ ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል።